«አረም» ብለን ያጨድነው ሶደቃ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ይህ ጽሑፍ ወቀሳ ነው። ወቀሳውም ከራሴ ይጀምራል።

አምና ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የጀመዓችን ወጣቶች ተሰባስበን በምንኖርበት ከተማ የሙስሊም መቃብር ለማጽዳት ወጣን። ኒያችን ጥሩ ነበር። ማጭድ ያለው ማጭድ፣ ገጀራ ያለው ገጀራ ይዞ፣ ውሃና ዳቦ ተሸክመን፣ ስልካችንን ቻርጅ አድርገን ሄድን። በአጥሩ ጥግ ጥግ ከሰው ቁመት በላይ የቆመ፣ ግንዱ ላይ ብርቱካንማ አበባ እንደ ኳስ እየተደራረበ የተከመረበት ተክል ነበር። ራስ ክምር ነው። ዙህር ሳይደርስ አንድም ሳናስቀር አጨድነው። ክምሩን አቃጠልን። «በፊት» እና «በኋላ» ብለን ፎቶ ለጠፍን። «ማሻአላህ» እና «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» ጎረፈልን።

ልንወጣ ስንል አንድ አዛውንት ለዚያራ መጡ። ቆም ብለው አካባቢውን ቃኙና «ምን አጠፋ ብላችሁ ነው ልጆቼ ይህን የቆረጣችሁት?» አሉን።

«አረም ነው አባባ፤ ጽዳት ላይ ነን» አልናቸው።

«አረም የሚባለውማ አዝመራ ውስጥ ሲበቅል ነው። እናንተ እዚህ ምን ዘርታችሁ ነው አረም የበቀለባችሁ?» አሉና ወደ ቀብሩ አለፉ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ይልቁንስ ቤት ገብቼ ሳስብ አንድ የሚያሳፍር ነገር ገባኝ። ያን ቀን ካጨድነው ሃያ ከምናህል ወጣቶች መካከል የተክሉን ስም የሚያውቅ ሦስት ሰው አልነበረም። ስሙን የማናውቀውን ፍጡር፣ ማን እንደሚበላበት ሳንጠይቅ፣ ፎቶ ላይ «ንጹሕ» እንዲመስልልን ብለን አጠፋነው። ይህን ደግሞ «ኸይር ሥራ» ብለን መዘገብነው።

የምለው አጭር ነው፦ በመስጂዶቻችን ግቢ፣ በመቃብሮቻችን አጥር፣ በመድረሳዎቻችን ደጅ የአገራችንን ረጃጅም የዱር አበቦች ማጥፋት ጽዳት አይደለም፤ ጥፋት ነው። እነሱን መተው፣ ከዚያም አልፎ ዘራቸውን ለቅሞ መትከል፣ ወጣቱ በእጁ ሊሠራው ከሚችል ሶደቃ አንዱ ነው። ለዚህ ማስረጃዬን ላቅርብ፤ ከዚያ የሚነሡትን ብዥታዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

■ ያጨድነው ምን ነበር?

ራስ ክምር ከነጦስኝ፣ ከነበሶብላና ከነዳማከሴ ወገን ነው። ግንዱን ብትዳስሱት አራት ማዕዘን ነው፤ ያ የዚህ ወገን ምልክት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሊዮኖቲስ ኦሲሚፎሊያ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል «የአንበሳ ጆሮ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ቅጠሉ በሶብላ እንደሚመስል ይናገራል። የእኛ ሰዎች ግን ያዩትን ነው የጠሩት፦ በግንዱ ዙሪያ የአበባ ኳስ፣ ከእሱ በላይ ሌላ ኳስ፣ ከዚያም በላይ ሌላ። ራሱ ላይ የተከመረ፤ ራስ ክምር።

አደይ አበባ በመስከረም ታይታ ትጠፋለች። ራስ ክምር ግን ሥሩ ከዓመት ዓመት የሚኖር ነው። ቢቆረጥ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። አበባው በአንድ ቀን አይፈነዳም፤ ኳሶቹ ከታች ጀምረው ወደ ላይ በየተራ ይከፈታሉ። ስለዚህ አንድ ግንድ ለሳምንታት ገበታ ዘርግቶ ይቆያል። ገበታው የሚዘረጋውም ክረምቱ ወጥቶ አዝመራው ታጭዶ ሜዳው መድረቅ ሲጀምር ነው።

በዚህ ገበታ ላይ ማን ይቀርባል? አበባው ረጅም ጠባብ ቱቦ ነው። ጣፋጩ ፈሳሽ ከቱቦው ሥር ይገኛል። እዚያ ድረስ የሚገባ ቀጭን፣ ቆልመም ያለ ምንቃር ያላቸውን ትንንሽ ወፎች ሁላችሁም አይታችኋል፤ ወንዶቹ ፀሐይ ሲያገኛቸው እንደ ብረት የሚያብለጨልጩት ናቸው። ወፏ ግንዱ ላይ ቆማ፣ አንገቷን አጎንብሳ ስትመጥ የአበባው ብናኝ ራሷ ላይ ይራገፋል። ያንን ይዛ ወደሚቀጥለው አበባ ትሄዳለች። አበባው ሲሳይ ይሰጣታል፤ እሷ ዘር እንዲያፈራ ታደርገዋለች። ከእነዚህ ወፎች አንዷ በዓለም የወፍ መጻሕፍት ውስጥ ስሟ የተወሰደው ከተከዜ ወንዛችን ነው። ወንዛችን ስም የሰጣትን ወፍ እኛ ምሳዋን እያጨድን እንከለክላታለን። ሱብሓነላህ!

■ ከጎረቤላ ሆናችሁ ተመልከቱ

ጎረቤላን ለማታውቁ፦ የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። መንገዱ ላይ ገብሱን፣ ባቄላውንና የባሕር ዛፉን ጥሻ እያያችሁ ትነዳላችሁ፤ ከዚያ ድንገት ምድሩ ያልቃል። ከእግራችሁ ሥር ጉም አለ። ጉሙ ሲገለጥ ገደሉ፣ ከገደሉ በታች አልዩ አምባ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ቆላ ይታያል።

ይህን ቦታ የምጠራው ለሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው፦ ይህ መሬት የአላህ ፍጥረት የተለየ ሆኖ የተገለጠበት ነው። አንኮበር ስሟን ለአንዲት ወፍ ሰጥታለች። በገደሉ አፋፍ የምትኖር፣ ዘር የምትለቅም፣ ቡናማ ትንሽ ወፍ ናት። ሳይንቲስቶች መጀመሪያ ያገኟት እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን በ1979 «የአንኮበር» ብለው ስሟን መዘገቡ። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የለችም። ትንሽ አልፋችሁ ወፍ ዋሻ የሚባለውን ጥብቅ ደን ታገኛላችሁ። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው አለ፤ ስሙ ራሱ ወፍን ይዟል። በገደሉ አፋፍና በየአጥሩ ጥግ ደግሞ ራስ ክምሩና ኮሸሽላው፣ ከፍ ሲል በውርጩ ምድር ጅብራው ይቆማሉ። እነዚህ ረጃጅም የአበባ ተክሎች ከትልልቁ ደን ውጭ ላለው ወፍና ንብ የመንገድ ስንቅ ናቸው።

ሁለተኛው፦ ይህ መሬት የእኛም አደራ ነው። ሙስሊሙ በአንኮበር እንግዳ አይደለም። አልዩ አምባ የሙስሊም ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። አርጎባው፣ ሐረሪው፣ አፋሩ እየተገናኘ ቅፍለቱ ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ የሚወጣባትና የሚገባባት በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት ልዑክ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በዚያው በር ነው ያለፈው። ከልዑኩ ጋር ሮት የሚባል ጀርመናዊ ነበር፤ ሥራው የአገራችንን እጽዋትና እንስሳት መሰብሰብና መመዝገብ ነበር። አስቡት! ሰውየው ባሕር አቋርጦ፣ በረሃ ተጉዞ የመጣው አያቶቻችን በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፉትን አበባ ለማየት ነው። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ያንኑ አበባ ለማጨድ ባጃጅ ተሳፍረን እንሄዳለን።

■ ዲናችን ምን ይላል?

በቁርኣን ውስጥ በንብ ስም የተሰየመች ሱራ አለች፤ አን-ነሕል። በ68ኛውና በ69ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ለንብ በተራሮች፣ በዛፎችና ሰዎች በሚሠሩት ውስጥ ቤት እንድትሠራ፣ ከዚያም ከፍሬው ሁሉ እንድትበላ እንዳሳወቃት ይነግረናል። ከሆዷም ቀለሙ የተለያየ፣ ለሰዎች መድኃኒት ያለበት መጠጥ ይወጣል። «ከሁሉም» መባሏን አስተውሉ። ጌታዋ ገበታዋን አሰፋላት። እኛ ግን ግቢውን በሲሚንቶ ለብደን፣ አጥሩን አጭደን፣ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ትተንላት «ማር ተወደደ» እንላለን።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሙስሊም ተክል ተክሎ ወይም ዘር ዘርቶ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። ወፍ ተጠርታለች፤ ከሰው ጋር አብራ ተጠርታለች። እኛ «ሶደቃ» ሲባል ሳንቲምና ምግብ ብቻ እናስባለን። በዚህ ሐዲሥ መሠረት ግን የተከልከው ተክል ላይ አንዲት ወፍ ባረፈች ቁጥር፣ አንተ ተኝተህም ይሁን ሥራ ላይ ሆነህ፣ መዝገብህ ክፍት ነው።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሌላ ሐዲሥ ሲድርን፣ ማለትም እኛ ቁርቁራ የምንለውን ዛፍ፣ በሚቆርጥ ሰው ላይ ብርቱ ዛቻ መጥቷል። አቡ ዳውድ ራሳቸው ሲያብራሩት ይህ መንገደኛና እንስሳት የሚጠለሉበትን የበረሃ ቁርቁራ ያለ አግባብ፣ ያለ መብት በከንቱ ለሚቆርጥ ነው ብለዋል። ልብ በሉ፤ ቁርቁራውን ማንም አልተከለውም። የማንም አዝመራ አይደለም። ዛቻው የመጣው ሌላው ፍጡር የሚጠቀምበትን ነገር ያለ ምክንያት ማጥፋት በደል ስለሆነ ነው። እኔ ራስ ክምር ቁርቁራ ነው አላልኩም፤ ፈትዋም አልሰጠሁም። ምክንያቱ ግን ያው አይደለምን?

በተጨማሪም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳይገደሉ የከለከሏቸው አራት ፍጡራን በሐዲሥ ተዘርዝረዋል፦ ጉንዳን፣ ንብ፣ ሁድሁድና ሱረድ የሚባለው ወፍ። ንብን በእጁ የሚገድል ከመካከላችን የለም። ግን ምግቧን በሙሉ አጥፍቶ «እኔ አልገደልኳትም» ማለት ምን ዓይነት መልስ ነው?

መዲናን ተመልከቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመዲናን ዙሪያ ሐረም አድርገው ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ አውሬው እንዳይታደን ከልክለዋል። አን-ነቂዕ የሚባለውን ግጦሽ ሒማ፣ ማለትም ጥብቅ ስፍራ፣ አድርገውታል። ዑመር (ረ.ዐ.) በዘመናቸው ለሒማው ጠባቂ ጥቂት ከብት ያለውን ድሃ እንዲያስገባ አዘዋል። ጥበቃውም ሥርዓት ነበረው፤ ለደካማው ያደላ ሥርዓት። ስለዚህ ተፈጥሮን ማክበር ከፈረንጅ የተማርነው አዲስ ፋሽን አይደለም። ረስተነው የቆየን የራሳችን ሱና ነው።

■ ብዥታዎችና ምላሾቻቸው

ብዥታ 1፦ «አረም እኮ ነው።»

አረም ማለት በአዝመራህ መሐል ገብቶ አዝመራህን የሚሻማ ነው። የአዛውንቱ ጥያቄ እዚህ ላይ በቂ መልስ ነው። ከዚህ በላይ ግን የሚያስቅ ነገር አለ። ዛሬ አገሪቱን ያስጨነቁት መጤ አረሞች ራስ ክምርን የመሰሉ የአገር ልጆች አይደሉም። ጣናን የወረረው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨውም አበባው አምሮ በሰው እጅ ለጌጥ እየተወሰደ ነው። እኛ ከችግኝ ጣቢያ የውጭ ጌጥ ገዝተን ቀለም በተቀባ ጎማ ውስጥ እንተክላለን፤ በየቀኑ ውሃ እናጠጣዋለን፤ የእኛው ተክል፣ ማንም ሳያጠጣው በዝናብ ብቻ የቆመው፣ «አረም» ይባላል። ስም ስንሰጥ እንኳ ፍትሕ ጎደለን።

ብዥታ 2፦ «ኡማው ስንት ችግር ላይ እያለ ስለ አበባ ታወራለህ?»

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው፤ አላቃልለውም። ክልላችን በግጭት እየታመሰ፣ ወንድሞቻችን ሥራ አጥተው፣ ቤተሰብ ተፈናቅሎ ባለበት ጊዜ ስለ ተክል መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን ኢማም አሕመድ በዘገቡት ሐዲሥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቂያማ ሊቆም ቢል እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል አዘዋል። ከቂያማ የባሰ ምን ዓይነት አጣዳፊ ጉዳይ አለ? ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የዓለም መናወጥ ከትንሹ ግዴታህ ነጻ አያወጣህም።

ከዚያ ደግሞ ነገሩ የሆድም ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት። ኑግ ያለ ንብና መሰሎቿ እርዳታ ፍሬ አይዝም፤ ባቄላም በንብ ሲጎበኝ ፍሬው ይሻሻላል። የአንኮበር ገበሬ ባቄላ የሚዘራ ነው። አራሹ ለአረም ማጥፊያ ቱፎርዲ እየረጨ የእርሻው ዳር አበባ እየሳሳ ሲሄድ ንቧ የት ትደር? መስጂድና መቃብር የማይታረሱ፣ የማይረጩ ስፍራዎች ናቸው። በሰፈሩ የቀሯት ማረፊያዎች እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱንም አጨድን።

ብዥታ 3፦ «ይህ የሌሎች ነገር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደን እንጂ የመስጂድ አበባ ሰምተን አናውቅም።»

እውነት ነው፤ በአማራ ክልል ከሩቅ ደን ስታይ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ታውቃለህ። ጎረቤቶቻችን የግቢያቸውን ዛፍ ለዘመናት ጠብቀው ዓለም አድንቋቸዋል። ይህ እነሱን የሚያስመሰግን፣ እኛን ራሳችንን የሚያስጠይቅ ነው። ሒማን የመሠረተ ኡማ ልጆች ሆነን «ይህ የእነሱ ነው» ካልን፣ የተውነው የራሳችንን ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እዚሁ መንዝ፣ ገበሬዎች የጓሳን ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ እየዘጉና እየከፈቱ ጠብቀውታል። ዛሬ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። መንግሥት አልሠራውም፤ የውጭ ድርጅት አልጀመረውም። ስምምነት ነው የጀመረው። የአንድ መስጂድ ጀመዓ በአንድ መቃብር አጥር ላይ መስማማት ያቅተዋል?

ብዥታ 4፦ «በመቃብር ላይ አበባ መትከል ቢድዓ ነው።»

ይህን ብዥታ የሚያነሱ ወንድሞች ከልባቸው ስለ ሱና ተቆርቁረው ነው፤ አከብራቸዋለሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እርጥብ የቴምር ዘንባባ ሰንጥቀው በሁለት ቀብሮች ላይ ማኖራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዑለማዎች ግን ይህ ለእሳቸው ብቻ የተለየ ነው ወይስ ለሌላውም ይሠራል በሚለው ተለያይተዋል። ለምሳሌ ኢማም አል-ኸጧቢ ሰዎች ይህን ይዘው በቀብር ላይ ማድረጋቸውን ነቅፈዋል። እኔ በዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። በቀብሩ ላይ ትከሉ፣ ሟቹን ይጠቅመዋል ብላችሁ እመኑ አላልኩም። ያልኩት በአጥሩ ዳር በራሱ የበቀለውን ተዉት፣ መንገድ የሚዘጋውንና ቀብሩን የሚሸፍነውን ብቻ ቁረጡ ነው። ለዚህ ደግሞ ከፊቅህ ኪታቦቻችን ድጋፍ አለ። የሐነፊያው ሊቅ ኢብኑ ዓቢዲን እርጥብ ተክልና ሣርን ከመቃብር መቁረጥ የተጠላ እንደሆነ፣ የደረቀውን ግን መቁረጥ እንደሚቻል ጽፈዋል። ስለዚህ ዘመቻችን ራሱ ሲመረመር «ሱና ነው» ብሎ የሚፎክርበት ቦታ ጠባብ ነው። ዝርዝሩን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። ከማጨዳችሁ በፊት ግን ጠይቁ፤ እኛ እንዳደረግነው አጭዳችሁ አትጠይቁ።

ብዥታ 5፦ «ጥሻ እባብ ይሰበስባል፤ ሌባ ይደበቅበታል።»

ተገቢ ስጋት ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። ከበር፣ ከመጸዳጃና ከውዱእ ቦታ አርቁት። ቢያንስ የእርምጃ ስፋት እያራራቃችሁ ትከሉት። ዘሩ ከረገፈ በኋላ የደረቀውን ግንድ ከጉልበት በታች ቁረጡት። እንዲህ የተያዘ ተክል ጥሻ አይሆንም፤ ተራ የያዘ የአበባ አጥር ነው። ቆሻሻ የተጣለበት ጥግ ለእባብና ለአይጥ ከራስ ክምር የበለጠ ይመቻል። እሱን ደግሞ ማንም ሊያጸዳው አልመጣም፤ ለፎቶ አያምርምና።

ብዥታ 6፦ «እኛ እኮ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ተክለናል።»

በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የወጣው ወጣት አላህ ይቀበለው። ግን ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ የተከልከውን ከፎቶው በኋላ ስንት ጊዜ አየኸው? ሁለተኛ፣ የተከልከው ምን ነበር? ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ ጥቅም የላቸውም አልልም። ባሕር ዛፍ ቤታችንን ሠርቷል፣ እንጀራችንን ጋግሯል፤ ሲያብብም ንብ ትቀስመዋለች። ችግሩ እሱ መኖሩ አይደለም፤ እሱ ብቻ መኖሩ ነው። ንብና ወፍ ዓመቱን ሙሉ ይበላሉ። አንዱ አበባ ሲያልቅ ሌላው መተካት አለበት። አላህ ተራ አበጅቶላቸው ነበር፤ ተራውን ያፈረስነው እኛ ነን።

■ ታዲያ ምን እናድርግ?

ወቀሳ ብቻ አይበቃም። ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ሴራሚክ ከሚገዛበት ያነሰ ነው።

1. በሚቀጥለው ጽዳት ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን አንድ ገበሬ ወይም አንዲት እናት ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። የእያንዳንዱን ተክል ስም ጠይቁ። ስሙን ሳታውቁት ማጭድ አታንሡበት።

2. አበባው ደርቆ ኳሱ ሲጠቁር ዘሩ በውስጡ አለ። ኳሱ ይዋጋልና ጓንት ወይም ጨርቅ ያዙ። ቆርጣችሁ በወረቀት ከረጢት ውስጥ አራግፉት። ሁሉንም አትልቀሙ፤ ከፊሉ ለወፏና ለመሬቱ ይቅር።

3. በግንቦት ላላ ባለ አፈር መደብ ላይ በስሱ ዝሩና ጥቂት አፈር ብቻ አልብሱት። እስኪበቅል እርጥበቱ አይጉደል። ዘር ካላገኛችሁ ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ በእርጥብ አፈር ብትተክሉትም ሥር ያወጣል።

4. ክረምቱ ጠንክሮ ሲገባ፣ በሐምሌ፣ ፀሐይ በሚያገኘው አጥር ዳር አዛውሩት። ውሃ የሚቋጥር ቦታ አይሆንለትም። የመጀመሪያው በጋ ላይ አልፎ አልፎ አጠጡት፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ራሱን ይችላል።

5. ብቻውን አትትከሉት። የአካባቢያችሁን ዓይነት ቀላቅሉ። በደጋው ጦስኝ ከሥሩ፣ ወይራና ኮሶ ከኋላው ቢቆሙ ያምራል፤ ይጠቅማልም። ጅብራን ግን ከተራራው ነቅላችሁ አታምጡ። እሱ የውርጭ ልጅ ነው፤ ባለበት መጠበቅ ይበቃዋል።

6. የመስጂድ ኮሚቴዎችን በአደብ አናግሩ። «ከግቢው አንድ ጥግ ሲሚንቶ አይፍሰስበት፤ እኛ እንንከባከበዋለን» በሉ። ትልልቆቹ ወጣቱን የሚጠራጠሩት ጀምሮ ስለሚተው ነው። ሁለት ክረምት ብትጸኑ እነሱ ራሳቸው ጠባቂ ይሆኑላችኋል።

7. የመድረሳ ልጆችን አሳትፉ። ሱረቱ አን-ነሕልን የሚሐፍዝ ልጅ ንብ አበባ ላይ ስታርፍ ቆሞ ቢያይ የሐፈዘው ነገር ከዓይኑ ፊት ይቆምለታል።

■ የመጨረሻ ቃል

በዚያ የጽዳት ቀን ማግስት ብቻዬን ወደ መቃብሩ ተመልሼ ነበር። የረሳሁትን ማጭድ ለማምጣት ነው የሄድኩት። አንዲት ጥቁር አረንጓዴ የምታብለጨልጭ ወፍ በተቆረጠ ጉቶ ላይ መጥታ ቆመች። ዞር ዞር አለች። ወደ ሁለተኛው ጉቶ ሄደች፤ ከዚያም ወደ ሦስተኛው። በጎረቤላ ገደል አፋፍ በልጅነቴ ያየኋትን ዓይነት ናት፤ ያኔ አያቴ «ተዋት፣ ሲሳይዋን እየፈለገች ነው» ትለኝ ነበር። አሁን ግን ሲሳይዋን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አል-አንዓም በምድር ላይ የሚሄድ እንስሳ፣ በክንፉም የሚበር ወፍ ሁሉ እንደ እኛው ኡማዎች መሆናቸውን ነግሮናል። ኡማ ከኡማ ጋር በፍትሕ ነው የሚኖረው። ቂያማ ቀን ስለ ጎረቤት መብት ስንጠየቅ ያቺ ወፍ ጎረቤቴ አልነበረችም ብዬ ማስተባበል የምችል አይመስለኝም።

ደስ የሚለው ነገር ራስ ክምር ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ከክረምቱ በኋላ ተመልሼ ሳየው ከጉቶዎቹ ሥር አረንጓዴ ቀንበጥ ወጥቶ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ሥሩን አላቃጠልነውም ነበር። አላህ ለተክሉ ዕድል ሰጠው፤ ለእኛም የተውበት ዕድል ሰጠን። ዘንድሮ ጀመዓችን ለጽዳት ሲወጣ ማጭዱ ለመንገዱ ብቻ ነው፤ አጥሩ ዳር ያለው አይነካም ብለን ተስማምተናል። የተቃወሙም ነበሩ፤ ተከራክረን ነው የተስማማነው።

እናንተስ? ይህን አንብባችሁ «ላይክ» አድርጋችሁ አትለፉ። ነገ ፈጅር ሰግዳችሁ ስትወጡ የመስጂዳችሁን አጥር ዙሩና ምን እንደበቀለ ተመልከቱ። ስሙን የምታውቁትን በኮሜንት ጻፉልን፤ የማታውቁትን ትልልቆቻችሁን ጠይቁ። ከጥፋታችን ለመመለስ የመጀመሪያው እርምጃ ስም ማወቅ ነው።

አላህ በእጃችን ያለውን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። ያጠፋነውን ይማረን። የተከልነውን ሶደቀቱ ጃሪያ ያድርግልን። ከተናገርኩት ትክክሉ ከአላህ ነው፤ ስሕተቱ ከእኔና ከሸይጧን ነው። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።